አንጀታችን በር የሚከፍትላቸው ባክቴሪያዎች

(በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በማዕድ ላይ ስለማይነሣ ነገር ነው፤ ስለ ተቅማጥ። ዳቦውና ወጡ ከንግግሩ በኋላ ይቅረብ ብለን የለመንነውም ለዚሁ ነውና ይቅርታ አድርጉልን።

ርዕሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ጋር ኩፓት ሆሊም የሚገቡት አስተርጓሚ ሆነው ነው። እናት በአማርኛ ሆዱን ቆረጠው፣ ደም ነገርም አይቼበታለሁ ትላለች። የ12 ዓመቷ ልጅ ወደ ዕብራይስጥ ስትመልሰው ሆዱን አሞታል ብላ ልትጨርስ ትችላለች። ስለ ሰገራ በሰው ፊት ማውራት ነውር መሆኑን ሰምታ ነው ያደገችው፤ ሐኪሙ ደግሞ የማታውቀው ትልቅ ሰው ነው። ይሁንና ሐኪሙን ከሁሉ በላይ የምትጠቅመው ያቺ የቀረችው ቃል ናት፤ ደም የምትለዋ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አንጀት ውስጥ ገብተን ማየት አለብን።

ተቅማጥ ምን እንደሚያደርግ ለወላጆቻችን የምናስተምረው የለንም። በ1984 በሱዳን፣ በኡም ራኩባ ሰፈር የነበራችሁ፣ በረሃብ፣ በወባ፣ በኩፍኝና በተቅማጥ ስንቱን እንደቀበራችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ጉዞና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። እኛ የምንጨምረው በዓይን የማይታየውን ክፍል ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራው።)

የምንነጋገርበት ባክቴሪያ ሺጌላ ይባላል። ተቅማጥ የሚያመጡ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን አሉ፤ ሺጌላን የመረጥነው ደም ከሚያመጡት አንዱ ስለሆነ፣ በየጋኑ ከልጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍና በእስራኤልም ትንንሽ ልጆች በብዛት ባሉበት ቦታ በየጊዜው ወረርሽኝ ሆኖ ስለሚነሣ ነው። በዓለም ደረጃ በ2016 ብቻ ከ200,000 በላይ ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ነው። በ1897 በጃፓን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ገብቶ ከ90,000 በላይ ሰው ታመመ፤ ከአምስቱ አንዱ በላይ ሞተ። ሺጋ ያን ጊዜ የሕክምና ትምህርቱን ከጨረሰ ገና አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነበር። ባክቴሪያውን ከታማሚዎች ሰገራ ለይቶ አወጣው። ወጣቶች፣ ሰገራ መመርመርም ስም ያስጠራል።

አሁን ወደ አንጀቱ እንግባ። አንጀት ረጅም ቱቦ ነው። የበላነው ምግብ ቱቦው ውስጥ ሳለ ገና ወደ ሰውነታችን አልገባም፤ ደጅ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ደጁን ከቤቱ የሚለየው ግድግዳ ደግሞ የአንድ ረድፍ ሕዋሳት ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ሕዋሳቱ ጎን ለጎን የተሰፉ ያህል ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በላያቸው የሚያዳልጥ ንፍጥ ተለብጧል። ብዙም አይቆዩም፤ በአራት በአምስት ቀን ውስጥ አሮጌው ረግፎ በአዲስ ይተካል። ግድግዳው እንዲህ የሳሳው ውሃና ምግብ ማሳለፍ ስላለበት ነው። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ እየበላን በረሃብ እንሞት ነበር።

በደጁ በኩል እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኢ ኮላይ የሚባለው ነው፤ በእያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ ማንንም ሳያስቸግር ይኖራል። የሚገርመው፣ ሺጌላ ከዚሁ ከኢ ኮላይ ወገን ነው፤ የዘር መዝገባቸው ጎን ለጎን ሲነበብ ሺጌላ ራሱ አንድ የኢ ኮላይ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ወንድሙ ሰላማዊ ሆኖ እሱ እንዴት ወንበዴ ሆነ? በ1982 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሳንሶኔቲና ባልደረቦቹ መልሱን አገኙ። ሺጌላ ከዋናው የዘር መዝገቡ ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል ትልቅ ክብ ቁራጭ ይዟል፤ ያ ከተወሰደበት ወደ ሕዋስ መግባት አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፕላዝሚዱን ለማይጎዳ የቤተ ሙከራ ኢ ኮላይ ሰጡት፤ ያ ሰላማዊ ባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ መግባት ጀመረ። ወንበዴ ያደረገው ዘሩ ሳይሆን በኪሱ የያዘው መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ሺጌላ የሚገባው በአፍ ነው። ከታመመ ሰው ሰገራ ተነሥቶ በእጅ፣ በአሻንጉሊት፣ በምግብ፣ በውሃ፣ በዝንብም ይመጣል። ለመታመም ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃል። ኮሌራ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮኖች መዋጥ ይፈልጋል። 500 ሺጌላዎችን በአንድ ሰልፍ ብንደረድራቸው ርዝመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንግዲህ 10 ምን ያህል እንደሆኑ አስቡት። የጨጓራ አሲድ ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ሺጌላ ግን አሲዱን ለሰዓታት ተቋቁሞ ያልፍና ትልቁ አንጀት ይደርሳል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሺጌላ ግን አጥሩንም አይነቀንቅም። በደጅ በኩል ያሉት ተራ ሕዋሳት በቀላሉ አያስገቡትም። ግድግዳው ላይ ግን አልፎ አልፎ ኤም ሕዋስ የሚባሉ፣ እንደ ኬላ ፈታሽ የሆኑ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ከደጅ ካለው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ከኋላቸው ላሉት ዘበኞች ማሳየት ነው፤ ሰውነታችን ጠላቱን የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። ሺጌላ በዚህ ኬላ በኩል ያልፋል። ፈታሹ ራሱ ተሸክሞ ያሳልፈዋል።

ከኬላው በስተኋላ የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የሚባሉ ዘበኞች ናቸው፤ ትርጉሙ ትልቅ በሊታ ማለት ነው። ማክሮፋጁ ሺጌላን አይቶ ይውጠዋል። ሌላ ባክቴሪያ ቢሆን እዚያው ተፈጭቶ ያልቅ ነበር። ሺጌላ ግን በሆዱ ሆኖ ዘበኛውን ይገድለዋል። ማክሮፋጁ ሲሞት ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ጠላት ገብቷል የሚል የኬሚካል ጩኸት ያሰማል። ይህን ጩኸት ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ሺጌላ ከግድግዳው ወዲህ ማዶ ቆሟል፤ ሕዋሳቱን ከጓሮ በኩል ያገኛቸዋል ማለት ነው። ያ ከፕላዝሚዱ ላይ የተሠራው መሣሪያ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ነው። ለማስመሰል አይደለም መርፌ ያልነው፤ በባክቴሪያው ቆዳ ላይ የተተከለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ፣ ከፕሮቲን የተሠራ እውነተኛ መርፌ ነው። ሳልሞኔላም ተመሳሳይ አለው፤ በ1998 ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተው ለዓለም ያሳዩት የሳልሞኔላን ነበር። የመርፌው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ፕሮቲኖቹ እንደ ተፈታ ክር ሆነው ያልፉና ማዶ ሲደርሱ ተመልሰው ይጠቀለላሉ።

በመርፌው የሚገባው ነገር መርዝ ብቻ ቢመስላችሁ አይፈረድባችሁም። አብዛኛው ግን ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ቅርጹን የሚይዝበት ማገር አለው፤ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ከጎጆ ማገር የሚለየው ሕዋሱ እንዳስፈለገው ሊያፈርሰውና ሊሠራው መቻሉ ነው። ሺጌላ የላካቸው ፕሮቲኖች የሕዋሱን አናጢዎች ያዛሉ፤ እዚህ ጋ አፍርሱ፣ እዚህ ጋ ሥሩ ይላሉ። ሕዋሱ ታዘዘ። ሽፋኑን እንደ ነጠላ እጥፍ እጥፍ እያደረገ ያነሣና ባክቴሪያውን አቅፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በራሱ ጉልበት፣ በራሱ ማገር። በ1964 በአሜሪካ የተደረገ ምርምር ይህች እርምጃ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነች አሳይቷል፤ ወደ ሕዋስ መግባት የማይችሉ የሺጌላ ዝርያዎች በሽታ ማምጣት አቅቷቸው ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብለን የምንናገረው አለ፤ ስለምንወደው ነው። በሕፃናት ላይ ተቅማጥ የሚያመጣ አንድ የኢ ኮላይ ዓይነት አለ፤ እሱም መርፌ አለው፣ ግን ወደ ውስጥ መግባት አይፈልግም። በመርፌው መጀመሪያ የሚልከው የራሱን መቀመጫ ነው። ፕሮቲኑ ገብቶ ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ብቅ ይላል፤ ባክቴሪያው መጥቶ እሱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ሕዋሱ አክቲኑን ከሥሩ እየከመረ ከፍ ያለ መቀመጫ ይሠራለታል። ይህን በዕብራይስጥ ስንማር የአማርኛ ስም አልነበረውም፤ እኛ መደብ ብለነዋል። እንግዳው ወንበሩን ይዞ መጥቶ ባለቤቱን መደብ ያሠራዋል። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የኢላን ሮዘንሻይን ቤተ ሙከራ ይህን ባክቴሪያ ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ቆይቷል፤ በ2017 ባክቴሪያው ሕዋስ ላይ መጣበቁን ሲያውቅ የውስጥ ሥራውን እንደሚለውጥ አሳይተዋል። እዚሁ አገር፣ በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው።

ወደ ሺጌላ እንመለስ። ሲገባ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ሳልሞኔላ ከረጢቱን እንደ ጎጆ አድርጎ እዚያው ይቀመጣል፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ የሳልሞኔላ ወገን ነው። ሺጌላ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቱን ቀድዶ ወደ ሕዋሱ ሆድ ይወጣል። እዚያ ምግብ አለ፣ ሙቀት አለ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት አይደርሱበትም። ይባዛል።

አሁን ከሁሉ የሚያስደንቀን ነገር ይመጣል። ሺጌላ መዋኛ ጭራ የለውም። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች እያሽከረከሩ የሚዋኙበት ጭራ አላቸው፤ እሱ ግን በራሱ መንቀሳቀስ አይችልም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ይሮጣል። በአንዱ ጫፉ ላይ ባለ ፕሮቲን የሕዋሱን አናጢዎች ይጠራና ከኋላው አክቲን እንዲደረድሩ ያደርጋል። አክቲኑ በተሠራ ቁጥር ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጭራ ያለው ኮከብ ይመስላል። እንዲህ እየተገፋ ከሕዋሱ ጥግ ደርሶ ግድግዳውን ወደ ጎረቤት ያብጠዋል። ጎረቤቱም ያበጠውን ቆርጦ ይውጠዋል። ሺጌላ እንደገና ከረጢቱን ይቀድዳል፣ እንደገና ይሮጣል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ደጅ ሳይወጣ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።

ደሙስ ከየት መጣ? ያዙልን ያልነው ጩኸት ይኸው። ማክሮፋጆቹ ሲፈነዱ፣ የተወረሩት ሕዋሳትም ሲጮኹ፣ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየወጡ በሺዎች ይደርሳሉ። እነዚህ ሺጌላን መግደል የሚችሉ ተዋጊዎች ናቸው። ወደ ጠላት ለመድረስ ግን በሕዋሳቱ ስፌት መካከል ይሾልካሉ፤ ስፌቱ ይተረተራል። በተተረተረው ቀዳዳ ከደጅ የነበሩት ሌሎች ሺጌላዎች ኬላ ሳያስፈልጋቸው ይገባሉ። ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ግድግዳው ይቆስላል፣ ደምና ንፍጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ ሕመምተኛው ያምጠዋል። ያ ደም ሺጌላ ብቻውን ያደረሰው ጉዳት አይደለም፤ ብዙው በራሳችን ወታደሮች ጦርነት የመጣ ነው። በመጨረሻም ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው፤ በሽታው በአምስት እስከ ሰባት ቀን ይለቃል። ለሕፃን፣ ለደካማና ለተራበ ልጅ ግን ያን ያህል ቀን ረጅም ነው።

እንግዲህ ደም የምትለዋ ቃል ለሐኪሙ የምትነግረው ይህን ሁሉ ነው። ደም የሌለበት ቀጭን ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ በደጅ በኩል እንዳለ ያመለክታል። ደም ካለ ግድግዳው ተነክቷል፤ ሐኪሙ ሰገራ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፣ መድኃኒቱንም በዚያ ይወስናል። የአስተርጓሚነት ሥራ ላለባችሁ ታናናሾቻችን፦ ተቅማጥ ሺልሹል ነው፣ ትኩሳት ሖም ነው፣ ደም ደግሞ ዳም ነው። እማዬ፣ አባዬ፣ ይቺኛዋን እናንተም ያለ አስተርጓሚ ትሏታላችሁ፤ ከአማርኛው የሚለያት አንድ ፊደል ነው፣ እሱም በአናባቢው ብቻ።

ሁለተኛ ነገር፣ ተቅማጥ የሚያቆሙ ኪኒኖች አሉ። ደምና ትኩሳት ላለበት ሰው፣ ለልጅ ደግሞ ይበልጡን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም። አንጀቱን አስረው ባክቴሪያውን ቤት ውስጥ ያቆዩታል። የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው፤ ኦ አር ኤስ በትንሽ በትንሹ፣ ለሚጠባ ሕፃን ጡት ሳይቋረጥ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ወይም ከፈዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

አንቲባዮቲክ ካስፈለገም ከጎረቤት በተረፈ ኪኒን አይሆንም። ይህን ስንል እንደ ፖሊስ ሆነን አይደለም፤ ሺጌላ በዚህ ነገር የቆየ ታሪክ ስላለው ነው። ባክቴሪያዎች ብዙ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታን በአንድ ጊዜ እርስ በርስ እንደሚሰጣጡ ዓለም መጀመሪያ ያወቀው በ1950ዎቹ በጃፓን፣ ከሺጌላ ነው፤ የሚሰጣጡትም በፕላዝሚድ ነው። መርፌውን በኪሱ የያዘው ባክቴሪያ የመድኃኒት ጋሻውንም በኪሱ ይቀበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዝርዝር፣ ፍሎሮኪኖሎን የተባሉትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ሺጌላ ከአሳሳቢዎቹ ጋር ተመዝግቧል።

እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቀዋል ብለን ልናልፈው ነበር። ግን 10 ባክቴሪያ ይበቃል ብለናል። በእኛ ቤት ደግሞ በአንድ ትሪ እንበላለን፣ እንጎራረሳለን፤ የሚቀር ነገር አይደለም፣ ደግሞም እንዲቀር አንፈልግም። ድሮ ከማዕድ በፊት ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ታላላቆችን ያስታጥብ ነበር፤ ጥሩ ሥርዓት ነው። ለዳቦ በረከት የምናደርገው ነጢላት ያዳይም ግን ያለ ሳሙና ነው፤ እሱ ለበረከቱ ነው። ሳሙናው ከእሱ በፊት ነው፣ ከመጸዳጃ ቤት እንደወጣን፣ የሕፃን ዳይፐር እንደለወጥን። የታመመ ሰው በቤት ካለ፣ እስኪሻለው ድረስ ምግብ ባያዘጋጅ ይሻላል። ልጁም ተቅማጡ ሳይቆም ወደ ጋን አይሄድም፤ ሥራ የሚያስቀር መሆኑን እናውቃለን፣ በተለይ በሰዓት ለሚከፈላቸው እናቶች።

ክትባት የለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እስካሁን በዓለም በስፋት የሚሰጥ የሺጌላ ክትባት የለም፤ ፍለጋው ግን ረጅም መንገድ ሄዷል፣ ከመንገዱም አንዱ ክፍል የተሄደው እዚህ እስራኤል ውስጥ ነው። ወታደሮች በአንድ ሰፈር አብረው ስለሚኖሩና ስለሚበሉ ሺጌላ ያጠቃቸዋል። በ1997 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዳኒ ኮኸንና ባልደረቦቹ በፈቃደኛ ወታደሮች ላይ የሞከሩትን ክትባት ውጤት አወጡ፤ በእኛ ዕድሜ ባሉ ወጣቶች ላይ 74 ከመቶ ተከላክሏል። ከዚያ በኋላ በልጆች ላይ ተሞከረ። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ወደ 71 ከመቶ ደረሰ። ከሦስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ግን አልሠራም፤ የእነሱ በሽታ የመከላከል አቅም ለዚያ ዓይነቱ ክትባት በቂ መልስ አልሰጠም። በብዛት የሚታመሙትና የሚሞቱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ዛሬ በተለያዩ አገሮች የሚሞከሩት አዳዲስ ክትባቶች የሚሠሩት ይህንኑ ለመፍታት ነው፤ ውጤታቸውም የሚመዘነው በእነዚሁ ሕፃናት ላይ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንመልሳለን፤ ከዚያ ዳቦው ይመጣል። ሳሙናው በስተቀኝ ካለው መታጠቢያ ላይ ነው።